መድኃኒቱን የከለከለው ማን ነው?

በአሜሪካ አገር የሚኖር ሕመምተኛ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ሊወስድ ሄዶ «ኢንሹራንስዎ አልፈቀደም» የተባለ እንደሆነ፣ አቤት የሚልበት ደጃፍ አያገኝም፤ ያለው በመድን ካርዱ ጀርባ የተጻፈ የስልክ ቁጥር ነው። ሲደውል አስቀድሞ የተቀረጸ ድምፅ ይመልስለታል፤ ሙዚቃ እየሰማ ይጠብቃል፤ በመጨረሻም አንድ ሰው ያነጋግረዋል። ያ ሰው ግን መድኃኒቱን አልከለከለም፤ ሊፈቅድም ሥልጣን የለውም። መድኃኒት ቤቱ ወደ ስልኩ፣ ስልክ መላሹ ወደ ሐኪሙ፣ ሐኪሙም መልሶ ወደ መድኑ ይመራዋል። እንግዲያስ የከለከለው ማን ነው?

በዚያ አገር በመድን ሰጪዎች፣ በመድኃኒት አምራቾችና በመድኃኒት ቤቶች መካከል ቆመው ዋጋ የሚደራደሩ፣ በመድን የሚሸፈኑትንም መድኃኒቶች ዝርዝር የሚያዘጋጁ ኩባንያዎች አሉ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ሦስቱ ታላላቆች ብቻ ከአገሪቱ የመድኃኒት ማዘዣዎች 80 በመቶ የሚጠጋውን ያስተናግዳሉ። ዝርዝሩን ያወጣው ሕመምተኛውን አያየውም፤ የሕመምተኛውን ድምፅ የሚሰማውም ዝርዝሩን አላወጣም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ክሩ ሁሉ ቀጭን ሲሆን የታሰረው ግን በሽተኛው ነው።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. በጻፉት «ሶሊቺቱዶ ሬይ ሶቻሊስ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ስለ ኃጢአት መዋቅሮች ሲያስተምሩ፣ የእነዚህ ሥር የሰዎች የግል ኃጢአት መሆኑን አስገንዝበዋል። ኃላፊነት ለብዙዎች ስለ ተከፋፈለ አይጠፋም፤ ለእያንዳንዱ በድርሻው ይቀራል።

የስልክ መላሹ ድርሻ ምንድን ነው? እርሱ የጲላጦስ ሥልጣን የለውም፤ ስለሌለው ሥልጣንም አይጠየቅም። ስላለው ዕውቀት ግን ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የጤና ሕግ፣ ክልከላ የደረሰበት ሰው ይግባኝ እንዲል፣ ከዚያም ጉዳዩ በገለልተኛ አካል እንዲታይለት መብት ሰጥቶታል፤ አስቸኳይ የሆነው ይግባኝ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ ማግኘት ይገባዋል። ይህን እያወቀ «አይቻልም» ብሎ ስልኩን የሚዘጋ ሰው ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን መንገዱን ሸሽጓል። ደዋዩም በበኩሉ፣ ያልበደለውን ሠራተኛ በመሳደብ ፍትሕን አያገኝም፤ ቁጣው የሚገባው ለአሠራሩ ነውና።

ክቡራን ምእመናን፣ ነገሩ የባሕር ማዶ ወሬ ብቻ አይደለም። በቀበሌ፣ በክሊኒክ፣ በቆሞስ ጽሕፈት ቤትም ሳይቀር «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» እንላለን። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን መልካም ነገርን በመተው ስለሚፈጸም ኃጢአት ሲያስተምሩ፣ ይህን ቃል በምሳሌነት ቢያነሡት ይጠቅማል። ሥራው የእኛ ባይሆንም ሰውየው ወንድማችን ነው፤ ትክክለኛውን በር እስኪያገኝ ድረስ አብረነው ልንሄድ ይገባናል።