ወይራው ለምን እንቢ አለ?



አባቶቻችን ጥልቁን ነገር በአጭር ምሳሌ መናገር ልማዳቸው ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 9 ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ላይ ቆሞ ለሴኬም ሰዎች የነገራቸውን እናስታውስ። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ወጡ። ወይራን ለመኑት፤ ቅባቴን ትቼ አልመጣም አለ። በለስ ጣፋጭ ፍሬዋን፣ ወይን ደግሞ የወይን ጠጇን ምክንያት አደረጉ። በመጨረሻ እሾህ ተጠራ። እርሱ አላመነታም፤ ኑና በጥላዬ ተጠለሉ፣ አለዚያ እሳት ከእኔ ይወጣል አለ። ለመሆኑ እሾህ ምን ጥላ አለውና ነው?

ልብ እንበል! እሾህ የነገሠው በጉልበቱ አይደለም፤ ፍሬ ያላቸው እንቢ ስላሉ ነው። ወይራውም ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ሥራ አለኝ ነው ያለው።

ከገሪዛን ወደ ራሳችን ተራራ እንምጣ። እንጦጦ የጽድና የወይራ አገር ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ ከተማው እየሰፋ ሄደ፤ ቆራጩ በዛ፣ ተካዩ አነሰ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ማገዶ ከመጥፋቱ የተነሣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። አዲስ አበባ በቦታዋ እንድትጸና የረዳት መነሻው አውስትራልያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ከተማ የሚተርፈው የሚተክል ሰው ሲገኝ ነው።

በዚያው በየካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ። ትውፊቱ በአብርሃና አጽብሓ ዘመን ተፈለፈለ ይላል። ዘመኑ የቱም ይሁን፣ ዓለቱን የፈለፈሉት ሰዎች ስም ለእኛ አልደረሰም፤ ሥራቸው ግን ደርሷል። ድንጋዩ ጠንካራ ነው፣ እርሻዬም ይጠብቀኛል ብለው ቢመለሱ ኖሮ ምን እናይ ነበር?

እኛስ? ፈተና ደርሷል፣ ጊዜ የለኝም እንላለን። እውነት ነው፤ የወይራውም ቅባት እውነት ነበር። ነገር ግን ሕፃናቱን የሚያስተምር፣ የታመመውን የሚጠይቅ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ ሲጠፋ ወንበሩ ባዶ ሆኖ አይቀርም። እሾህ ምንጊዜም ሥራ ፈት ነው።

እንግዲህ ስንጠራ ቅባታችንን ትተን ሳይሆን ይዘን እንውጣ፤ የተሰጠን ለሌላው እንዲተርፍ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።