ሙያችሁን ጽፋችሁ አስረክቡ

ከሚዛን እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር ችግኝ የሚያፈላ ሰው፣ 74110 ወይም 74112 ሲባል አስረጂ አይፈልግም። የቡና ዝርያዎች መጠሪያ ናቸው። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ታሪክ ግን ዩኒቨርሲቲ ለገባ ወጣት ሁሉ ሊነገር ይገባዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታየና ገና ያልበሰለውን ፍሬ እያጠቆረ ያረግፍ ጀመር። ተመራማሪዎች በሽታው ያልደፈራቸውን ዛፎች ፍለጋ በደቡብ ምዕራብ ተሰማሩ፤ የመረጡትንም እናት ዛፍ አንድ በአንድ መዘገቡ። ከፊት ያለው 74 የተመረጠበትን ዓመት፣ 1974ን፣ የቀረው ደግሞ የዛፉን ተራ ቁጥር ይነግራል። ከኢሉባቡር ምድር የተመረጠ አንድ ዛፍ ዛሬ በብዙ ገበሬ ማሳ ላይ በዘሩ የቆመው ብርቱ ስለነበረ ብቻ አይደለም። የት እንደተገኘ፣ መቼ እንደታየ፣ በበሽታው ሲፈተን ምን እንዳሳየ የጻፈ ሰው ስለነበረም ነው። ያ ጽሑፍ ባይኖር ዛፉ በጫካው ውስጥ እንደ ማንኛውም ዛፍ አርጅቶ ይወድቅ ነበር።

ተቃራኒውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ጌሻ የተባለው ቡና ታሪክ እዚሁ ይጀምራል። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ ከዚህ አካባቢ የተለቀመ ዘር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች ተወሰደ፤ በ1953 ከታንጋኒካ ወደ ኮስታሪካ ተሻገረ፤ ከዚያም ፓናማ ገብቶ በ2004 በአገሪቱ የቡና ውድድር አሸነፈና በዓለም እጅግ ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ሆነ። ይሁንና በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ተክሎች በዘር ግንዳቸው የተለያዩ ሆነው ተገኝተዋል፤ የመጀመሪያው ዘር በትክክል ከየት እንደተለቀመም ዛሬ ድረስ ያከራክራል። ከጌሻ የወጣው ሀብት የትኛው እንደሆነ መለየት ለባለሙያ እንኳ አድካሚ ሆኗል። በዚህ መሬት ላይ የምትማሩ ሁሉ ልብ በሉት፦ ዕውቀት ባለቤቱን የሚያውቀው በጥንቃቄ በተጻፈው ልክ ነው።

ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የግብርና፣ የምሕንድስናና የጤና ባለሙያዎችን እያስመረቀ ነው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የጽሑፍ ኮርሱን ተሻግረው የሚገላገሉት ኩሬ አድርገው ያዩታል። ምክሬ ይህንን አስተሳሰብ እንድትጥሉ ነው። ሙያዊ ጽሑፍን እንደ ሙያችሁ አካል ያዙት፤ በተማራችሁበት ዓመት ሁሉ ተለማመዱት። ተመርቃችሁ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት ሪፖርት፣ ፕሮፖዛልና ቃለ ጉባኤ ነውና። እዚያ ደግሞ የሚጠብቃችሁ ክፉ ልማድ አለ። «ለአርሶ አደሩ ግንዛቤ የማስጨበጥ ሥራ ተሠርቷል፤ አበረታች ውጤትም ተመዝግቧል» የሚል ሪፖርት ያላነበበ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ስንት አርሶ አደር? በየትኛው ቀበሌ? ስለ እሸት ለቀማ ነው ወይስ ስለ ቡና ማድረቂያ አልጋ? ከሥልጠናው በኋላ ስንቱ አልጋ ሠራ፣ ያልሠራውስ ምን አጣ? ዓረፍተ ነገሩ ለአንዱም አይመልስም። በሚቀጥለው ዓመት ቦታውን የሚረከበው ባለሙያ ከዚህ ሪፖርት አንዳች ስለማያገኝ ሥራውን ከዜሮ ይጀምራል። የገበሬው ዓመት ግን አይመለስም።

«መጻፍ የቋንቋ ክፍል ተማሪ ሥራ ነው፤ እኔ የመጣሁት ሐኪም ልሆን፣ መሐንዲስ ልሆን ነው» የሚል ይኖራል። ከጤና ጣቢያ በሚዛን አማን ወዳለው ሆስፒታል የምትላክ ወላድ የምትይዘውን የሪፈር ወረቀት አስቡ። ምን መድኃኒት፣ በምን መጠን፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጣት በግልጽ ካልተጻፈ ተቀባዩ ሐኪም ወይ ይደግመዋል ወይ ያስቀረዋል፤ ሁለቱም ሊጎዳት ይችላል። ያንን ወረቀት የሚጽፈው የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ አይደለም፤ ሕክምናውን የሰጠው ሰው ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር የሚሠራ የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ፣ ጽሑፍ መለማመድ ጊዜ ማባከን የሚመስላቸውም አሉ። ፈተናውን ማለፍ ግድ ነው፤ ተማሪው ለእሱ መዘጋጀቱም ትክክል ነው። ነገር ግን ፈተናው የሚለካው ማወቃችሁን ነው። ያወቃችሁትን ለሌላ ሰው ማድረስ መቻላችሁን አይጠይቅም፤ የደመወዝ ሥራችሁ ግን በየቀኑ ይጠይቃችኋል።

ከሁሉም የሚከብደው የቋንቋው ጥያቄ ነው፤ ፈጥኜ ልልፈው አልፈልግም። ተማሪው በእንግሊዝኛ ይማራል፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው፤ ገበሬው ደግሞ ቤንችኛ፣ ሸክኛ ወይም ካፍኛ ይናገራል። እንግሊዝኛችን ደካማ ስለሆነ መጻፍ አንችልም የሚለው አቤቱታ እውነት አለው፤ ተማሪን በማያውቀው ቋንቋ ጻፍ ብሎ መገሠጽም ፍትሕ አይደለም። ሆኖም የብዙ ረቂቆች ጉድለት ከቋንቋው በፊት ያለ ነው። ለማን እንደሚጻፍ፣ አንባቢው ካነበበ በኋላ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ አልተወሰነም። ይህ ሳይወሰን የተጻፈ በየትኛውም ቋንቋ ጭጋግ ነው። ስለዚህ አሳባችሁን መጀመሪያ በምታስቡበት ቋንቋ አጥሩት፤ ለመምህሩ በእንግሊዝኛ፣ ለወረዳው በአማርኛ ጻፉት፤ ለገበሬው የሚነገረውንም ከቋንቋው ተናጋሪ ጋር ተቀምጣችሁ አዘጋጁት። ሦስት ጊዜ መድከም ይመስላል፤ ግን ጉዳዩን ከማንም በላይ እንድታውቁት የሚያደርጋችሁ ይኸው ድካም ነው።

መምህራንም የድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል። በብዙ ተማሪ በተጨናነቀ ክፍል ሁሉን ማረም እንደማይቻል ግልጽ ነው። ቢሆንም በመጨረሻ አንድ ጊዜ ነጥብ ብቻ ከሚሰጠው ረጅም ወረቀት ይልቅ፣ ታርሞ የሚመለስና እንደገና የሚጻፍ አንድ ገጽ የበለጠ ያስተምራል። የሌላውን የመመረቂያ ጽሑፍ ገልብጦ ወይም በገንዘብ አስጽፎ የሚያስገባ ተማሪም የሚሸሸግበት ቦታ የሚያጣው፣ ረቂቁ ከሳምንት ሳምንት ሲያድግ መምህሩ ሲያይ ነው። አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ የተቀናበረ ጽሑፍ ይሰጣል። የጉዝጉዙን ብዛት፣ የእሸቱን መቅላት፣ የማድረቂያ አልጋውን ስፋት ማሳው ድረስ ሄዶ የለካው ግን ተማሪው ነው፤ ያልለካውን የለካ አስመስሎ ማስገባት ደግሞ ሐሰት ነው።

ለተግባር ልምምድ ወደ ቀበሌ በምትወጡበት ጊዜ የጻፋችሁትን መመሪያ ለመምህራችሁ ከማስገባታችሁ በፊት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስጡት። አጠገቡ ሆናችሁ አታብራሩለት። ወረቀቱ የሚለውን ብቻ እየተከተለ ይሥራ፤ የሚቆምበትን፣ የሚጠይቅበትን፣ ከፈለጋችሁት ውጭ የሚያደርግበትን ቦታ መዝግቡና እነዚያን መስመሮች እንደገና ጻፏቸው።