ሙሴ ፊቱን ስለ ምን ከደነ?

የምንባቡ ክፍል፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 3፥12-18፤ 4፥16



ሙሴ ከሲና ተራራ በወረደ ጊዜ የፊቱ ቆዳ ያበራ እንደ ነበረ፥ ሕዝቡም ወደ እርሱ ለመቅረብ እንደ ፈሩ፥ እርሱም ፊቱን በመጋረጃ እንደ ከደነ በኦሪት ዘጸአት 34ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ሁሉ መጋረጃው የሕዝቡን ዐይን ከብርሃኑ ብርታት ለመጠበቅ የተደረገ ይመስለዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሌላ ምክንያት ይሰጣል። ያ ክብር የሚያልፍ ነበረ ይላል፤ ሙሴም ፊቱን የሸፈነው የእስራኤል ልጆች ብርሃኑ እየደበዘዘ ሲጠፋ መጨረሻውን ትኵር ብለው እንዳይመለከቱ ነው። እንግዲህ መጋረጃው የሸሸገው ብርሃኑን ብቻ ሳይሆን የብርሃኑን መጥፋት ነበረ።

ስለ ፊት ልንነጋገር የወደድነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመድረክ የማይነሣ፥ ነገር ግን እኅቶቻችን፥ በዚህ ዘመን ወንድሞቻችንም ጭምር፥ በሹክሹክታ የሚጠይቁት ነገር አለ። ይኸውም ያለ ቀዶ ጥገና በመርፌ ብቻ ፊትን የሚያለሰልሰው ሕክምና፥ ቦቶክስና ፊለር የሚባለው ነው። ሰው በምሳ ሰዓት ገብቶ ከቀትር በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል። በአሜሪካና በአውሮፓ ተራ ነገር ከሆነ ቈይቷል፤ በአዲስ አበባም የሚሰጡ ክሊኒኮች አሉ። «ይህ ለክርስቲያን ኀጢአት ነውን?» ተብሎ ሲጠየቅ በአንድ ቃል ለመመለስ አንቸኩልም፤ ሳይመረምሩ መፍረድ ከሰነፍ ዳኛ ነውና።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። (ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በጀርመን አገር በቩርተምበርግ ዩስቲኑስ ኬርነር የሚባል ሐኪም ነበረ፤ ባለ ቅኔም ነበረ። ከ200 ዓመት በፊት የተበላሸ ቋሊማ በልተው ስለ ሞቱ ሰዎች መርምሮ ጻፈ፤ መርዙ ነርቭን እንደሚያስር ተረዳ፤ በጥቂቱ ቢሰጥ ለመድኃኒት ሊሆን ይችላል ብሎም ገመተ። በ1895 ደግሞ በቤልጅግ አገር ኤልዜል በምትባል መንደር ከቀብር በኋላ የአሳማ ሥጋ የበሉ ሙዚቀኞች ታመሙ፥ ሦስቱም ሞቱ። ኤሚል ቫን ኤርመንገም የተባለ ሊቅ መርዙን የምታወጣውን ረቂቅ ተሐዋሲ ከዚያ አገኛት። በሰው ዘንድ ከታወቁት መርዞች ሁሉ ይህን የሚበልጥ ብርቱ መርዝ የለም።

ይህን መርዝ በእጅጉ አሳንሶ ለመድኃኒት ያዋለው በሳን ፍራንሲስኮ የነበረው የዐይን ሐኪም አለን ስኮት ነው። ዐይናቸው ለሸወረረባቸውና ሽፋሽፍታቸው ያለ ፈቃዳቸው ለሚጨፈንባቸው ሰዎች እንዲሰጥ በአሜሪካ በ1989 ተፈቀደ። በካናዳ በቫንኩቨር የምትሠራ ጂን ካራዘርስ የተባለች የዐይን ሐኪምም ሽፋሽፍታቸውን ከምታክማቸው አንዲት በቅንድቦቿ መካከል ያለው መጨማደድ እንደ ለሰለሰላት ነገረቻት። እርሷም የቆዳ ሐኪም ከሆነው ከባሏ ከአላስቴር ጋር መርምራ በ1992 ጻፉ፤ በ2002 ለዚሁ የፊት ነገር በአሜሪካ ተፈቀደ። የሚሠራውም እንዲህ ነው፤ ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርስበት አሴቲልኮሊን የተባለው ነገር እንዳይለቀቅ ይከለክላል፤ ጡንቻውም ትእዛዝ አጥቶ ያርፋል፥ ከላዩ ያለው ቆዳም ይዘረጋል። ከሦስት እስከ አራት ወር ከቈየ በኋላ ነርቩ ኀይሉን ይመልሳል፥ መጨማደዱም ይመለሳል። ፊለር የሚባለው ደግሞ ጡንቻን አያስርም፤ የጐደለውን ይሞላል እንጂ። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሚባለው ነው፤ እርሱም በ1934 በከብት ዐይን ውስጥ የተገኘ፥ በእኛም ቆዳ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ይህም በወራት ወይም በዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሟሟል።

ፍላጎቱ ግን አዲስ አይደለም። ኤድዊን ስሚዝ በሚባል ሰው ስም በሚጠራው የግብፅ ፓፒረስ ጀርባ ላይ ሽማግሌውን ወደ ጐልማሳነት የሚመልስ ቅባት ተጽፎ ይገኛል፤ ጽሑፉ ከጌታችን መወለድ 1600 ዓመት ያህል ይቀድማል። በ1899 በቪየና ከተማ ሮበርት ጌርሱኒ የተባለ ሐኪም ቫዝሊን ከቆዳ በታች መውጋት ጀመረ፤ ይህም ቶሎ ለውበት ዋለ። ግላዲስ ዲከን የተባለች በውበቷ የታወቀች አሜሪካዊት ገና በወጣትነቷ አፍንጫዋን ለማስተካከል ሰም አስወጋች፤ ሰሙም ከስፍራው ተንሸራትቶ ወደ አገጯ ወረደ፥ ያ የተደነቀ ፊትም ተበላሸ። በአገራችንም ቢሆን ኩልና እንሶስላ፥ ወይባም፥ በድድና በአንገት ላይ የሚወቀረው ንቅሳት ከአያቶቻችን የወረስነው ነው፤ መርፌ ለውበት ሲባል በቆዳ ላይ መግባቱ ለደጋው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ የጐረቤቷን መርፌ የምታወግዝ እናት የራሷን ንቅሳት አስቀድማ በመስተዋት ትመልከት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። በእጃችን ያለው መድኃኒት ብዙ ሰዎችን የረዳ ነው። አንገቱ ያለ ፈቃዱ የሚጣመምበት፥ ከመወለዱ ጀምሮ እግሩ የተኰማተረበት ሕፃን፥ ራስ ምታት ያደከመው ሰው በዚሁ መርዝ ዕረፍት አግኝቷል። ዮሴፍ ለወንድሞቹ እንደ ነገራቸው ለክፋት የታሰበውን ለመልካም የሚያደርግ አምላክ፥ የቋሊማውን መርዝም ለሰው ልጅ ምሕረት አድርጎታል። ስለ ፊለርም ሌላ እንጨምር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በተገኘባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ የጕንጭን ሥብ ያሟሽሹ ነበር፤ በአገራችንም የጐደጐደ ጕንጭ የሰው መጠቋቈሚያ ሆኖ ነበር። በ2004 በአሜሪካ አንድ ፊለር የተፈቀደው ለእነዚሁ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ፊቱን ስለ ሞላ የሚነቅፈው ማን ነው? ከሐሜተኛ ዐይን መከለል ለእርሱ እንደ ልብስ ነው፤ እግዚአብሔርም አዳምንና ሔዋንን ከገነት ሲያስወጣ የቍርበት ልብስ አልብሷቸዋል።

ስለዚህ በፊት ላይ አዲስ ሕግ አንጽፍም። በ1577 የሉተራን አባቶች ባጸደቁት የስምምነት ቃል በ10ኛው አንቀጽ እግዚአብሔር ያላዘዘውና ያልከለከለው ነገር ለክርስቲያን ነፃ እንደ ሆነ ይነገራል። አንቀጹ የተጻፈው ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ነው እንጂ ስለ ፊት አይደለም፤ ነገር ግን ጥበቡ ይጠቅመናል። ያው አንቀጽ ነፃ የሆነው ነገር በግድ የሚጫን በሆነ ጊዜ እሺ ማለት አይገባም ይላል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን በገዛ እጁ ገረዘው፤ ቲቶን ግን ሐሰተኞች ወንድሞች ካልተገረዘ ባሉ ጊዜ ለአንዲት ሰዓት እንኳ አልተገዛላቸውም። ምላጩ አንድ ነው፥ ሥጋውም አንድ ነው፤ የተለያየው «ያለዚህ አትቈጠርም» የሚለው ቃል ነው።

ይህ ቃል ዛሬ በማን አፍ ነው? አንዲት እኅት 45 ዓመት ሲሞላት የሥራ ባልደረቦቿ ከእርሷ ይልቅ ወደ ወጣቷ ፊታቸውን ሲያዞሩ ታያለች። በባሕር ማዶ ያለች ልጃችን ቪዲዮ ደውላ እናቷን ካየች በኋላ የገዛ ግንባሯን በስልኩ ላይ ትመረምራለች። ባል ሚስቱን በቀልድ «አረጀሽ» ይላታል፤ ቀልዱንም እርሱ ይረሳዋል። ባሎች ሆይ፥ እናንተ የረሳችሁትን ቀልድ እርሷ ለአሥር ዓመት ታስታውሰዋለች። በመዝሙር 71 ዘማሪው ወደ እግዚአብሔር ሲለምን መጨማደዱ እንዲጠፋለት አይጠይቅም፤ በሸመገለ ጊዜ፥ ጕልበቱም ባለቀ ጊዜ፥ እንዳይጣል ይለምናል። ሰው የሚፈራው ይህን ነው። በየክሊኒኩ ተቀምጠው ከሚጠባበቁት ስንቶቹ ውበትን ሳይሆን አለመጣልን ይገዛሉ? አለመጣልም በመርፌ የሚሸጥ አይደለም፤ የሚሸጥ ቢመስል እንኳ ከአራት ወር በኋላ እንደ ገና ይከፈልበታል። ሙሴም ወደ እግዚአብሔር በገባ ጊዜ መጋረጃውን ያነሣ፥ ወደ ሕዝቡ በወጣ ጊዜ እንደ ገና ያደርግ ነበር፤ የሚያልፍን ክብር መሸፈን የማያልቅ ሥራ ነው።

ከዚህ ላይ ለሽማግሌዎችና ለማኅበሩ መሪዎች የምንለው አለ። ሽበት ያላት መበለት በኋላ ወንበር ተቀምጣ፥ ማንም ሳይጠይቃት ገብታ ሳትጠየቅ የምትወጣ ከሆነ፥ የልጅ ልጇ እርጅናን ቢፈራ ምን ያስደንቃል? ሉቃስ በ2ኛው ምዕራፍ 84 ዓመት የሆናትን ሐናን በቤተ መቅደስ መካከል ያቆማታል፤ ሕፃኑን ኢየሱስንም አይታ ለሌሎች ትናገራለች እንጂ በጥግ አትቀመጥም። የ80 ዓመቱ ቤርዜሊም ንጉሥ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ሲጠራው እርጅናውን ሳያፍር ይነግረዋል፤ የምግብ ጣዕም እንደ ቀነሰበት፥ የዘፋኞችን ድምፅ እንደማይሰማ አንድ በአንድ ይቈጥርለታል። ንጉሡም ስሞ ባረከው። በሳሙኤል መጽሐፍ ውስጥ ይህን የሚያህል የሽምግልና ክብር የተገለጸበት ገጽ ማግኘት ያስቸግራል።

ለመታከም ላሰቡት ደግሞ እንደ ወንድም እንመክራለን። ይህን መርፌ የሚሰጥ የታወቀ ፈቃድ ያለው ሐኪም ይሁን። በ2024 በአሜሪካ 22 ሴቶች ሐሰተኛ ወይም ከማይታመን እጅ የመጣ መርፌ ወስደው እንደ ታመሙ፥ 11ዱም ሆስፒታል እንደ ገቡ መንግሥቱ አስታውቋል፤ ከመርፌዎቹ አንዳንዶቹ በመኖሪያ ቤት የተወጉ ነበሩ። ፊለርም በስሕተት ወደ ደም ሥር ቢገባ ቆዳን ይገድላል፥ ዐይንንም ያሳውራል፤ ይህ የሚሆነው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፥ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ያረገዘች፥ የምታጠባም፥ የጡንቻ ድካም በሽታ ያለበትም ሰው ሐኪሙን ሳይሸሽግ ይንገር። ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠውን ገንዘብ ለግንባሩ የሚያወጣ ቢኖር ግን ነገሩ ከነፃነት ወጥቶ ሌላ ስም አግኝቷል።

መርዙ የሚያስረው ጡንቻ ለመቈጣትና ለማዘን የተሰጠን መሆኑንም አንርሳ። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ቦቶክስ የወሰዱ ሰዎች የሌላውን ስሜት ከፊቱ ለማንበብ ጥቂት እንደሚቸገሩ አመልክቷል፤ ሊቃውንቱ ይከራከሩበታልና ስብከታችንን በእርሱ ላይ አንሠራም። ይሁን እንጂ ልቅሶ ቤት ገብቶ ኀዘንተኛን ያጽናና ሰው ሁሉ ከቃሉ በፊት ፊቱ እንደሚናገር ያውቃል።

ጌታችንም ፊት ነበረው። በአልዓዛር መቃብር አለቀሰ፤ በሰንበት ሊከሱት በሚጠባበቁት ላይ በቍጣ ተመለከተ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ፊቱን አቀና። አይሁድም በዮሐንስ 8ኛው ምዕራፍ ገና አምሳ ዓመት አልሞላህም አሉት፤ እርሱ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ዕድሜ ነበረው። ሸክሙ ፊቱን አስረጅቶት ይሆን? መጽሐፉ አይነግረንም፤ ኢሳይያስ ግን የመከራው አገልጋይ ፊት ከሰው ሁሉ ይልቅ እንደ ተጐሳቈለ ተናግሯል። ቅዱስ ጳውሎስ የእግዚአብሔር ክብር የሚታይበት ፊት ብሎ የሚያሳየን ይህን ፊት ነው። በዚህ ፊት ፊት መጋረጃ አያስፈልገንም፤ ስለ ኀጢአታችን የተመታ ፊት ስለ መጨማደዳችን አይፈርድብንምና። የውጪው ሰውነታችን ይጠፋል ሲል ሐዋርያው የምሬት ቃል አይናገርም፤ በቍጥር ያስቀምጠዋል፥ ቀጥሎም በየቀኑ የሚታደሰውን ይነግረናል። የመርፌው መታደስ በየአራት ወሩ ነው፤ ይህ ግን ዕለት ዕለት ነው፥ ዋጋውም በቀራንዮ አንድ ጊዜ ተከፍሏል።

መርፌውን አስቀድማችሁ የወሰዳችሁ እኅቶችና ወንድሞች ሆይ፥ በመጪው እሑድ ወደ ጌታ ማዕድ ስትቀርቡ ሰው ግንባሬን ያየው ይሆን ብላችሁ አንገታችሁን አትድፉ። ማንም ስለዚህ ነገር በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢያማችሁ፥ ሐሜት በ8ኛው ትእዛዝ በግልጥ የተከለከለ መሆኑን ካህኑ ያስታውሰው። በአገልግሎቱም መጨረሻ እጆች ተዘርግተው የአሮን ቡራኬ ሲነገር፥ የእግዚአብሔር ፊት በላያችሁ እንዲያበራ የሚለመነው ለእናንተም፥ በኋላ ወንበር ለተቀመጠችው መበለትም ነው። አሜን።