ተመራጭን መጠየቅ ነውር ነውን?

ሰው ጎረቤቱን ከመረጠው በኋላ «የሰጠንህን አደራ ምን አደረስኸው?» ብሎ ቢጠይቀው ነውር ነውን? ነገሩ ሲወራ ቀላል ይመስላል። በስብሰባ መካከል እጅ ለማውጣት ሲታሰብ ግን እንዴት እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ባለፈው የዝናብ ወራት ለብሎካችን የጣሪያ ሸራ መጣ። ለሁሉ ስለማይበቃ ለአረጋውያን፣ ለአራሶችና ጣሪያቸው ለሚያፈስ እንዲቀድም በስብሰባ ተስማማን፤ ዝርዝሩን ማውጣት ግን ለመረጥነው ሰው ተውንለት። ሸራው ሲታደል በአንዳንዱ ቤት ላይ ሁለት ሁለት ተዘረጋ። ሦስት ልጆች ይዛ ብቻዋን የምትኖር አንዲት እናት ግን ስሟ ሳይጠራ ቀረ። ያን ሌሊት ዘነበ፤ እርስዋም ልጆችዋን ሰው ቤት ወስዳ አሳደረች። ማን ስንት እንደ ወሰደ በማግሥቱ በየቡናው ተወራ። በሚቀጥለው ስብሰባ «ጥያቄ ያለው?» ሲባል ግን ሁላችንም አንገታችንን ደፋን።

ይህን የምንጽፈው ከዳር ቆመን አይደለም። ያንን ዝርዝር በንጹሕ ወረቀት የገለበጠው ይህን ጽሑፍ ከምናዘጋጀው መካከል አንዱ ነው። «ጽሑፍህ ያምራል» ተብሎ ተጠራ፤ የተነገረውን ስም ጻፈ፤ የጎደለውን ስም አስተዋለ፤ ዝም አለ። ሲነግረን እኛም ዝም አልን። እንግዲህ ጥፋቱ የተመራጩ ብቻ ነው ለማለት አፍ የለንም።

ዝም ያሰኘንን ነገር ስንመረምር ሦስት ሰበቦች አገኘን። አንደኛው ይሉኝታ ነው፤ «ያለ ደመወዝ የሚደክምልንን ሰው እንዴት እንደ ሌባ እንመረምረዋለን?» እንላለን። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ «ነገ የእኔ ስም ቢዘለልስ?» ሦስተኛው «ገመናችንን ባዕድ አይስማው» የሚለው ነው።

ለመጀመሪያው ሰበብ መልስ የሚሰጠን ዕድር ነው። የዕድር ገንዘብ ያዥ የሚያገለግለው ጎረቤቱን ነው፤ ይሁን እንጂ ገቢና ወጪውን በአባላቱ ፊት ያስረዳል። ሒሳብ አሳይ ስለ ተባለ ተሰደብሁ አይልም። እንዲያውም ታማኝ የሆነው ገንዘብ ያዥ መዝገቡ እንዲታይለት ከሁሉ በፊት የሚቸኩለው እርሱ ነው፤ ካልታየለት ከሐሜት የሚያድነው የለምና። በዕድር ያወቅነውን ይህን ደንብ በሸራና በራሽን ጊዜ የምንረሳው ለምንድን ነው?

ሁለተኛው ሰበብ፣ ፍርሃቱ፣ ከአገር ተሸክመነው የመጣነው ነው። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ሲቋቋሙ ነዋሪው መሪዎቹን ከመካከሉ እንዲመርጥ ተደንግጎ ነበር። ቀበሌው የአነስተኛ ቤቶችን ኪራይ ይሰበስብ፣ ቀላል ክርክሮችንም በራሱ የፍርድ ሸንጎ ያይ ነበር። ሥልጣን ወደ ሰፈር ወርዶ ከደጃፍ ደረሰ። ነገር ግን በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በብዙ ቀበሌዎች ሹማምንቱ ታጥቀው አሳሪና ገራፊ ሆኑ። ለምን ብሎ የጠየቀ «ፀረ አብዮት» ተባለ። ከዚህ የምንማረው መምረጥ ብቻውን ከግፍ እንደማያድን ነው። መርጦ የማይጠይቅ ሕዝብ ጌታውን በገዛ እጁ ይሾማል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሹሙ ብቻ ቢለው ኖሮ ይህን ያህል ዕድሜ ባላገኘ ነበር። እኛም እየሳቅን እንደግመዋለን፤ ስንደግመውም እየፈቀድንለት ነው።

ሕግማ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 ኃላፊም ሆነ የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። የተጠለልንባት የኬንያ ሕገ መንግሥትም፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ በምዕራፍ 6 ስለ መሪዎች ሐቀኝነት ይደነግጋል፤ በይፋ ሥነ ሥርዓት ላይ ለመንግሥት ሹም የተሰጠ ስጦታ የአገሪቱ እንጂ የሹሙ እንዳልሆነ በአንቀጽ 76 ጽፏል። እነዚህ ሕጎች ለብሎክ ተመራጭ ተብለው አልተጻፉም። ሐሳባቸው ግን ለሁሉም ይሆናል፤ በሕዝብ ስም የመጣ ነገር የሕዝብ ነው፤ የያዘውም ይጠየቅበታል። ወረቀት ብቻውን ሰውን እንደማያድን ደግሞ ለስደተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስለ ሦስተኛው ሰበብ የምንለው አጭር ነው። ገመና ማለት የሰው ችግሩና ድህነቱ ነው፤ እርሱን መሸፈን ይገባል። በጋራ ንብረት ላይ የተሠራ ጥፋት ግን ገመና አይደለም። እንደ ገመና ስንሸፍነው ዝናብ የሚመታት ያችው እናት ናት።

ይሁንና እኛም ፍርድ እንዳናጓድል እንጠንቀቅ። ሐሜትና ጥያቄ አንድ አይደሉም። ሐሜት በሌለበት ሰው ላይ ይፈርዳል፤ ጥያቄ ግን ፊት ለፊት ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ምናልባት ከእነዚያ ሁለተኛ ሸራዎች አንዱ እኛ ለማናውቀው በሽተኛ የተሰጠ ይሆናል። ስላልጠየቅን አናውቅም፤ ሰውየውም ንጹሕ ከሆነ ንጽሕናውን የሚያሳይበት ዕድል ነሣነው። ደግሞስ «የአገሬ ልጅ ነው» ብለን የመረጥን፣ ስማችን ከላይ እንዲጻፍልን በጎን የለመንን ስንቶቻችን ነን? ለራሱ ማዳላትን የሚለምን ሰው ከተመራጩ ትክክለኛነትን ሊጠብቅ አይችልም።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ በሚመጣው ስብሰባ በትሕትና ሦስት ነገር እንጠይቅ፤ ምን መጣ? ለማን ተሰጠ? ምን ቀረ? ዝርዝሩም ከመታደሉ በፊት በሁሉ ፊት ይነበብ፤ የተዘለለ ካለ ያን ጊዜ ይናገር። መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው ያንን ዝርዝር የገለበጠው ጓደኛችን ነው። ከተመራጩ በፊት የራሱን ድርሻ ይናገራል፤ እኛም አጠገቡ እንቆማለን። ይህን ያነበባችሁ ለጎረቤት አስተላልፉ፤ ማንበብ ለማይችልም አንብቡለት፤ የሸራው ነገር እርሱንም ይመለከተዋልና።