የተሰወረን ስፍራ ስለ መግለጥ

ዕውነት ይነገር ዘንድ ይገባል የሚለውን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ነገር ግን ዕውነት የሆነው ሁሉ ለሰው ሁሉ ይገለጥ ዘንድ ይገባልን?

በየካ ተራራ ከዓለት የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን ለማየት የሚወጣ እንግዳ መንገድ ቢጠይቅ፥ የሠፈሩ ሰው ሳያመነታ ያሳየዋል፤ እንግዳው ዋሻውን በኪሱ ይዞ አይሄድምና።

በዋሻ የሚኖር እንስሳ ግን እንዲህ አይደለም። በደቡብ ቻይናና በቬትናም ወሰን፥ ውሃ በሸረሸራቸው የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች ውስጥ፥ በሌሊት ብቻ የሚወጣ አንድ እንሽላሊት አለ። በቆላ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሮጠው ዘመዱ የዓይን ቆብ የለውም፤ ይህኛው ግን ዓይኑን ይከድናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ሊቃውንት ጎኒዩሮሳውረስ ሉዪ ብለው ሰይመው፥ የተገኘበትን ስፍራ ጭምር ጻፉ። ሥራቸው ነውና አይነቀፉም። ጽሑፉ ግን ከነጋዴዎችም እጅ ገባ። የአንዱ ዋጋ በውጭ አገር ከ1500 እስከ 2000 የአሜሪካ ዶላር ደረሰ፤ በ2006 እንደ ተመሰከረውም እንስሳው መጀመሪያ ከተገኘበት ስፍራ ፈጽሞ ጠፋ።

ስለዚህ በ2015 ሁለት አዳዲስ ዘመዶቹን ያስታወቁ ሊቃውንት ስፍራውን ከጽሑፋቸው አስቀርተው፥ ለሚመለከታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስታወቁ፤ ለሚጠይቃቸውም ሊቅ ለመስጠት ፈቀዱ።

ይህን ዕውቀትን መቅበር ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አደራ ነው እላለሁ፤ ባለአደራ ሲጠየቅ ይመልሳል፥ የቀበረ ግን አይመልስም። ከዚህ የሚከብድ ክርክር ሌላ አለ። የኖራ ድንጋይ ለሲሚንቶም ይፈለጋል። የድንጋይ ካባ የሚከፍት ሰው በኮረብታው ውስጥ ምን እንደሚኖር ካልተነገረው በምን ይጠንቀቅ? በአገራችንም በባሌ እንደ ሶፍ ዑመር ያለ የኖራ ድንጋይ ዋሻ ስላለ፥ ጥያቄው የሩቅ አገር ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ሊቁ ዝም ያለለት ነገር የሚጠበቀው በመዝገብ ቤት ነው። ደብዳቤው ደርሶ ቁጥር ተሰጥቶት በመሳቢያ ከቀረ፥ ስፍራው ከነጋዴውም ከፈቃድ ሰጪውም እኩል ተሰወረ ማለት ነው። በ2019 የቻይናና የቬትናም ወገኖቹ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል፤ ይህ ግን ድንበር የሚሻገረውን እንጂ በድማሚት የሚፈርሰውን ኮረብታ አይመለከትም። ለኮረብታው የሚያስፈልገው፥ የካባ ማመልከቻ በቀረበ ዕለት ያንን ፋይል አውጥቶ ከካርታው ጋር የሚያስተያይ ጸሐፊ ነው።