ያለ ጫማ የት ይሄዳል?

ጀርመን አገር የምትኖረው ልጄ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ጠርታኝ ከእሷ፣ ከባለቤቷና ከሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ጋር በዳኑብ ወንዝ ላይ የአንድ ሳምንት የመርከብ ጉዞ አደረግሁ። ከቡዳፔስት ተነሥተን፣ ቪየናን አልፈን፣ መጨረሻችን ጀርመን ጠረፍ ላይ ያለችው ፓሳው ነበረች። የጉዞውን ነገር ሁሉ ልተርክ አልተነሣሁም። እስካሁን ያልለቀቀኝ የመጀመሪያው ቀን ነው።

መቼም የመጀመሪያ ቀን ግርግር ነው። የወንዝ መርከብ እንደ ባሕሩ ግዙፍ አይደለም፤ ረጅምና ቀጭን ነው። ዳኑብን ከራይን ወንዝ ጋር በሚያገናኘው ቦይ ላይ ያሉት የውኃ በሮች ስፋታቸው 12 ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ መርከቦች በዚያው ልክ ተለክተው የተሠሩ ናቸው። ወደቡ ላይ ጎን ለጎን ተጣብቀው ስለሚቆሙ ወደ ራሳችን መርከብ ለመድረስ በሌላው መርከብ ሳሎን ውስጥ አቋርጠን አለፍን፤ ሰው ቤት በጓሮ በር የገባሁ ያህል አፈርኩ። ከዚያ የክፍል ቁልፍ፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ መጠጥ፣ ቀጥሎ የአደጋ ጊዜ ልምምድ። ብርቱካናማ ጃኬት ደረታችን ላይ አስረን እንደ ተማሪ ስንሰለፍ የልጅ ልጄ በእኔ ሳቀች።

መርከቡ የሚነሣው ማታ ስለነበረ እግራችንን ለማፍታታት በፔስት በኩል ወንዙን ይዘን ወደ ፓርላማው ሕንፃ አቅጣጫ ሄድን። ሕንፃው ጋ ለመድረስ ጥቂት መቶ ሜትር ሲቀረን የግንቡ ጠርዝ ላይ ጫማዎች ተደርድረው አየን። የወንድ ጫማ አለ፣ ተረከዝ ያለው የሴት ጫማ አለ፣ የሕፃን ጫማም አለ። ስልሳ ጥንድ ናቸው፤ ሁሉም ከብረት የተሠሩ።

«አባባ፣ ሰዎቹ ያለ ጫማ የት ሄዱ?» አለችኝ ልጅቷ።

እናቷ በዓይኗ ከለከለችኝ። አባቷ ደግሞ አይስክሬም ወደሚሸጥበት ጠቆማት።

ነገሩን አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1944 በናዚዎች ድጋፍ ሥልጣን የያዘው «የቀስት መስቀል» የተባለው የሀንጋሪ ፓርቲ ታጣቂዎች በዚያ ክረምት አይሁዶችን ወደ ወንዙ ዳር እያመጡ፣ ጫማቸውን እያስወለቁ፣ ሬሳቸው ውኃው ላይ እንዲወድቅ ጠርዙ ላይ አቁመው ይረሽኗቸው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ጫማ ዋጋ ያወጣል፤ ሰው አያወጣም። መታሰቢያውን የፊልም ባለሙያው ጃን ቶጋይ አስቦት፣ ቀራፂው ጁላ ፓወር ሠርቶት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመረቀ።

ልጅቷ መልስ ትጠብቃለች። እኔ ግን አንደበቴን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይህችኑ ጥያቄ በአሥራ አንድ ዓመቴ ጠይቄአት ነበር።

በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት በራችን ተንኳኳ። እናቴ ከፈተችና «የለም፤ ገጠር ሄዷል» አለች። ሰደፍ ሲያነሡባት ወንድም ጋሼ ከጓዳ በባዶ እግሩ ወጣ። ይዘውት ሄዱ። ጫማው አልጋው ሥር ቀረ። ሲነጋ «ወንድም ጋሼ ያለ ጫማ የት ይሄዳል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ይመለሳል፤ እስኪመለስ አንተ አድርገው» አለችኝ። አደረግሁት። እንደማይመለስ የነገረኝ ሰው የለም። እጠረጥር ነበር፤ ግን ይመለሳል ለተባለ ሰው አይለቀስም። በዚያ ዘመን በግልጽ ለቅሶ መቀመጥም ክልክል ነበር። እኔ የተከለከልኩት ግን በቤቴም ውስጥ ነው።

ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባወጣው አጭር ጽሑፉ፣ ነፍሰ ገዳይ መጥቶ ቤትህ የተሸሸገውን ወዳጅህን «አለ ወይ?» ቢልህ እንኳ መዋሸት አይገባህም ይላል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትታየኛለች፤ ያን ታላቅ ፈላስፋ ልቀበለው አልቻልኩም። እሱ የሚሞግተው ፈረንሳዊውን ቤንጃሜን ኮንስታንን ነው። ኮንስታን እውነትን የመናገር ግዴታ ያለብን እውነቱ ለሚገባው ሰው ነው ብሎ ነበር። እኔ ከኮንስታን ጋር ነኝ። ይሁንና የእሱ ሐሳብ ዞሮ እናቴንም ያገኛታል። ለገዳዮቹ እውነት አይገባቸውም ነበር፤ ለእኔስ? ለእነሱ «የለም»፣ ለእኔ «ይመለሳል»። ሁለቱም ከአንድ ፍቅር የወጡ ናቸው። የመጀመሪያውን በኩራት አነሣዋለሁ። ሁለተኛውን አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ተሸክሜዋለሁ።

እንዲህ ስል ራሴን ነፃ አላወጣም። እኔም ለልጄ አጎቷ በበሽታ ሞተ ብያታለሁ። በልጅነቷ ጠይቃኝ ነበር፤ ትደግ ብዬ አሳደርኩት፤ ካደገች በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ዓይኗ የከለከለኝም ያለ ነገር አይደለም። ሰባት ዓመት አሥራ አንድ አይደለም፤ ቀኑ የደስታ ቀን ነው፤ ልጅቷም ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ልታጣ ትችላለች። ከሁሉ የከበደኝ ግን ይሄ ነው፤ ልነግራት የፈለግሁት ለእሷ ብዬ ነው ወይስ የራሴን ሸክም በትንሽ ትከሻ ላይ ላራግፍ? እውነት ተናጋሪ ነኝ የሚል ሰው ይህን ራሱን ሳይጠይቅ አፉን ባይከፍት ደግ ነው። እኔ ጠይቄ መልሱን አላገኘሁም። ልጅቷ ግን ጠይቃለች፤ ዝም ብላትም የራሷን መልስ ልትሠራ ነው።

ቁጢጥ አልኩና «የትም አልሄዱም» አልኳት። «ክፉ ሰዎች ጫማችሁን አውልቁ ብለው እዚህ ገደሏቸው። ይሄ የተሠራው እንዳይረሱ ነው።»

ወደ ሕፃኑ ጫማ አመለከተች። «ይሄኛውም?»

«ይሄኛውም።»

እጄን ያዘችኝ። አይስክሬሟን ግን በላች። ልጄ እስከ እራት አላናገረችኝም።

ማታ መርከቡ ተነሣ። ፓርላማው በመብራት ወርቅ መስሎ ተሳፋሪው ሁሉ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ፎቶ ያነሣል። ጫማዎቹ ባሉበት በኩል ስናልፍ ጨለማ ነው፤ ምንም አይታይም። ልጄ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «አታስተኛትም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ተኝታለች» አለችኝ።

«አጎትሽ በበሽታ አይደለም የሞተው» አልኳት።

የእናቴን በር፣ ባዶ እግሩን፣ ጫማውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ለምን እስከ ዛሬ ደበቅኸኝ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ብዙ ቆይታ «ይሆንህ ነበር?» አለችኝ።

«ሰፊ ነበር። ጫፉ ላይ ጨርቅ እጠቀጥቅበት ነበር።»

«እስከ መቼ አደረግኸው?»

«እስኪጠበኝ» አልኳት።