ድንጉጥ ውሻን በአደራ መቀበልና የነባሩ ውሻ ድርሻ

ከመንገድ ወይም ከክፉ ጌታ እጅ የተረፈ ድንጉጥ ውሻን ቋሚ ቤት እስኪያገኝ ድረስ በአደራ ማኖር በብዙ አገሮች የእንስሳት መጠለያዎች የሚጠቀሙበት አሠራር ነው። አደራውን የሚቀበለው ሰው ብዙ ጊዜ የራሱ ውሻ አለው፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሰውና የእንግዳው ውሻ ብቻ ሳይሆን የሦስት ወገኖች ነው። ከዚህም ሁለት የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ሰው ሲያይ ለሚሸሽና ፍቅርም ሆነ ምስጋና ላይመልስ ለሚችል እንስሳ ሰው ዕዳ አለበት ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው እምብዛም አይነሣም፤ ክብደቱ ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል፦ ማንም ያላማከረው ነባሩ ውሻ ቤቱን፣ ጌታውንና ሰላሙን እንዲያካፍል የሚወሰንበት በምን ሥልጣን ነው?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በተባለች ከተማ የተካሄደና በ1961 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናት ቡችሎችን በታጠረ መስክ ከሰው አርቆ አሳደገ። አንዳንዶቹ በተለያየ ዕድሜያቸው ለአንድ ሳምንት ያህል ከሰው ጋር እንዲውሉ ተደረገ፤ የቀሩት እስከ 14ኛ ሳምንታቸው ድረስ የሰው እጅ አልነካቸውም። እነዚህኞቹ ከዚያ በኋላ ቢለፋባቸውም እንደ ዱር አውሬ ከሰው እየሸሹ ቀሩ። በዚያው ተቋም ይሠሩ የነበሩት ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በግምት ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ቡችላ ማን ወገኑ እንደሆነ የሚለይበት ወሳኝ ወቅት መሆኑን አስረድተዋል። በዚህ ወቅት ሰው ያልቀረበው፣ ወይም የቀረበው ሰው ዱላ የያዘ የነበረ ውሻ፣ ካደገ በኋላ በተዘረጋለት እጅ ቢደነግጥ ውለታ ቢስ ሊባል አይችልም። ፍርሃቱ የራሱ ምርጫ ሳይሆን ሌሎች ያደረጉበት ወይም ያላደረጉለት ነገር ውጤት ነው።

ያደረጉበት እነዚያ ሌሎች ከሆኑ አሁን የሚቀበለው ሰው ለምን ይጠየቃል? እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ክሌር ፓልመር በ2010 በታተመው ሥራዋ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ልዩነት አስቀምጣለች። ለዱር እንስሳ ሰው በመጀመሪያ የሚጠበቅበት እንዳይጎዳው ነው፤ ለቤት እንስሳ ግን ከዚህ ያለፈ ግዴታ አለበት፤ ያለ ሰው መኖር እንዳይችል አድርጎ ያበጀው ሰው ራሱ ነውና። ይህ ትስስር ጥንታዊ ነው። በጀርመን ከቦን ከተማ አጠገብ፣ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ፣ በ1914 የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አፅም ከአንድ ወጣት ውሻ ጋር ተገኘ፤ መቃብሩ 14,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ጥርሱን የመረመሩ ሳይንቲስቶች በ2018 እንደገለጹት ቡችላው ዲስቴምፐር በሚባለው ገዳይ የውሻ በሽታ ተይዞ ለሳምንታት ቆይቷል፤ ያን ያህልም የቆየው ሰው ስላስታመመው ሳይሆን አይቀርም። የታመመ ቡችላ ለአደንም ለጥበቃም አይሆንም። እነዚያ ሰዎች ግን ያስታመሙት ይመስላል፤ ሲሞትም ከራሳቸው ሙታን ጋር ቀበሩት።

ሕግም በቅርብ ጊዜ ወደዚህ ዕዳ ዘወር ብሏል። በ2007 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቹ ማይክል ቪክ ንብረት በሆነ ግቢ ይካሄድ ከነበረው የውሻ ማዋጋት ሥራ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ውሾች ተያዙ። እስከዚያ ድረስ ከእንዲህ ያለ ቦታ የተያዙ ውሾች በጅምላ መገደላቸው የተለመደ ነበር። በዚህ ጉዳይ ግን ፍርድ ቤቱ ሬቤካ ሀስ የተባሉ የሕግ ፕሮፌሰር የውሾቹ ሞግዚት እንዲሆኑ ሾመ፤ እያንዳንዱም ውሻ ለየብቻው ተመረመረ፤ ተከሳሹም ለእንክብካቤያቸው ከ900,000 ዶላር በላይ እንዲከፍል ተወሰነበት። በጠበኛነቱ ምክንያት እንዲገደል የተወሰነበት አንድ ብቻ ነበር። አብዛኛው ሰው አውሬ ይሆናሉ ብሎ የጠበቃቸው እነዚህ ውሾች ብዙዎቹ ሰው ሲቀርባቸው ወለል ላይ ተለጥፈው የሚንቀጠቀጡ ሆነው ተገኙ። ከእነሱም መካከል በአደራ ቤት፣ ከሌላ ውሻ ጎን ኖረው ወደ ቋሚ ቤት የገቡ አሉ።

ሃይማኖቶች ስለ ውሻ የሚናገሩት ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ አይደለም፤ ርኅራኄ የሚገባው ፍጡር ስለመሆኑ ግን አይለያዩም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት በምትቆጥረው በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻ ይከተላቸዋል። ውሻው በታሪኩ ውስጥ አደን አያድንም፣ ሌባ አይይዝም፤ አብሮ መሄዱ ብቻ ተጽፏል። በእስልምና ከታወቁት ሐዲሶች አንዱ በውሃ ጥም ጭቃ ይልስ ለነበረ ውሻ ከጉድጓድ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት ያስተምራል። የዋሻው ሰዎች ውሻም በቁርኣን በሱረቱል ካህፍ ተጠቅሷል። የውሻ ምራቅ ንጽሕናን በተመለከተ የእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች (መዝሀቦች) ይለያያሉ፦ ሻፊዒዮች ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብን ሲያዝዙ ማሊኪዎች ውሻን ንጹሕ ነው ይላሉ። ይህ ልዩነት ውሻው የት ይደር፣ ዕቃውስ እንዴት ይያዝ የሚለውን ይወስናል እንጂ ለተጠማ ውሻ ውሃ ይሰጠው ወይስ አይሰጠው የሚለውን አይነካም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ የታወቁት ፍልስፍናዎች አጥጋቢ መልስ የላቸውም። አማኑኤል ካንት ለተማሪዎቹ በሰጠው ትምህርት፣ ለረጅም ዘመን በታማኝነት ያገለገለ ውሻ ሲያረጅ፣ ውሻው እስኪሞት ድረስ ጌታው ሊጦረው ይገባል ብሏል፤ ግዴታው ግን በእርሱ አስተሳሰብ ለውሻው ሳይሆን ለሰብአዊነት ነው፤ በእንስሳ ላይ መጨከን የለመደ በሰውም ላይ ይጨክናልና። በዚህ መንገድ ከተሄደ ነባሩ ውሻ የአገልግሎት ታሪክ ሲኖረው እንግዳው ባዶ እጁን ይቆማል። ጀረሚ ቤንታም በ1789 ያነሣው መመዘኛ ደግሞ ሥቃይ ነው፤ የእንግዳው ሥቃይ ከነባሩ ምቾት ስለሚከብድ ሚዛኑ ወዲያው ወደ እንግዳው ያዘነብላል። ነባሩ በየቀኑ የሚያጣው ጥቂት ጥቂት ነገር፣ የለመደው መኝታ፣ ብቻውን የሚወጣበት የማለዳ ሽርሽር፣ በትልቁ ድምር ተውጦ ይቀራል።

ሁለቱም የሚዘነጉት ነገር አለ። ነባሩ ውሻ ቤቱ ሲገባ ሰውየው ቃል ሳይናገር ቃል ገብቶለታል፤ እዚህ ቤት ትጠበቃለህ ብሎታል። በኋላ የሚመጣ በጎ ሥራ ይህን ቃል ሊሽር አይችልም። ከሰው እንጀራ ቆርሶ የሚሰጥ ሰው መጽዋች እንደማይባል ሁሉ በነባሩ ውሻ ሰላም የሚከፈል ደግነትም የባለቤቱ ደግነት አይደለም። ለድንጉጡ ውሻ የሚከፈለው ዋጋ ከሰውየው ጊዜ፣ ከእንቅልፉና ከኪሱ መውጣት አለበት።

ነባሩ ውሻ በእርግጥ ብዙ ሊረዳ ይችላል። የአሜሪካው የእንስሳት ጭካኔ መከላከያ ማኅበር ከ2018 ጀምሮ በሰሜን ካሮላይና፣ ዊቨርቪል በተባለች ከተማ ባቋቋመው የድንጉጥ ውሾች ማገገሚያ ተግባቢ ውሾች በረዳትነት ያገለግላሉ። ድንጉጡ ሌላው ውሻ ያለ ስጋት ከሰው እጅ ሲበላ ያያል፤ አንድ እርምጃ ይቀርባል፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ይቀርባል። ሰው በቃል ሊነግረው የማይችለውን ነገር ወገኑ በሰውነቱ ይነግረዋል። ነገር ግን ረዳት መሆን የሚችል ውሻ ሁሉ ረዳት መሆን ይፈልጋል ማለት አይደለም። ሱ ዶናልድሰንና ዊል ኪምሊካ በ2011 ባሳተሙት መጽሐፍ የቤት እንስሳት የማኅበረሰቡ አባላት እንደሆኑና ፈቃዳቸውም በቅርብ በሚያውቋቸው ሰዎች በኩል ሊነበብ እንደሚችል ይከራከራሉ። ውሻ ፊርማ ባይፈርምም እሺና እምቢ ይላል። እንግዳው ሲመጣ ጨዋታ የሚተው፣ ክፍሉን ለቆ የሚወጣ፣ ምግቡን ሳይነካ የሚቆም ወይም በር ላይ ተኝቶ መተላለፊያ የሚከለክል ነባር ውሻ እምቢ እያለ ነው።

በኢትዮጵያ ከተሞች ይህ ጉዳይ የራሱ ክብደት አለው። የግቢ ውሻ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ለጥበቃ ነው፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፣ ባዕድ ውሻ ሲያይም እንዲያባርር ለምዷል። እንዲህ ያለውን ውሻ በአንድ ቀን እንግዳ ተቀባይ ሁን ማለት ዕድሜ ልኩን የተመሰገነበትን ሥራ ድንገት ጥፋት ማድረግ ነው። ማጉረምረሙን በዱላ መቅጣትም በደል ነው፤ ማጉረምረም ንክሻ ሳይመጣ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ፣ የተቀጣበት ውሻ ሁለተኛ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል።

ፍትሕ እዚህ ላይ በጥቃቅን ነገር ይታያል። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት በእንስሳት ሐኪም ታይቶ የእብድ ውሻ በሽታና የሌሎቹም ክትባት መሰጠቱ ይረጋገጣል፤ ይህ ለነባሩም ለቤተሰቡም የሚገባ ጥበቃ ነው። የመጀመሪያው ትውውቅ ከነባሩ ግቢ ውጭ፣ ሁለት ሰዎች ሁለቱን ውሾች በገመድ ይዘው፣ ራቅ ብለው ጎን ለጎን እየተራመዱ ቢሆን ይመረጣል፤ ፊት ለፊት መፋጠጥ ለውሻ የጠብ ምልክት ነው። ቤት ውስጥ በመካከላቸው የሚያሳይ አጥር ወይም ፍርግርግ ይደረጋል። ሳህናቸው ለየብቻ፣ መኝታቸውም ለየብቻ ነው። ቀድሞ ሰላምታ የሚሰጠውም፣ ቀድሞ የሚበላውም ነባሩ ቢሆን መልካም ነው። ሰው ከመብላቱ በፊት እንስሶቹን ያብላ የሚለው የአይሁድ ሊቃውንት ሥርዓት ሦስተኛውን ወገን፣ ሰውየውን፣ ከሁለቱም ኋላ ያስቀምጠዋል።

ለእንግዳው የሚደረገው ከሁሉ በላይ እርሱን አለመጫን ነው። ከተደበቀበት አልጋ ሥር መጎተት፣ እየተንቀጠቀጠ አቅፎ መያዝ፣ ይልመድ ብሎ በሰው መካከል ማቆም ፍርሃቱን ያጠነክረዋል። አዋቂ አሳዳጊ መሬት ላይ ጎኑን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ዓይኑን አያፈጥበትም፤ ቁራሽ ሥጋ ወደ ውሻው ወርውሮ ራሱ ያፈገፍጋል። ሥጋው መጀመሪያ ከሰው ራቅ ብሎ መውደቅ አለበት እንጂ ውሻውን ወደ ሰው እንዲጠጋ የሚያስገድድ መሆን የለበትም። ከንፈሩን ደጋግሞ የሚልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት የሚያዛጋ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል የቀበረ ውሻ በቃኝ እያለ ነው፤ የዚያ ቀን ትምህርት እዚያ ላይ ይቆማል። መታመን በግድ የማይወሰድ ነገር መሆኑን የሃይማኖት መምህራን ስለ ሰውና ስለ ፈጣሪው ሲናገሩ ኖረዋል፤ በሰውና በውሻ መካከልም እውነት ነው። አንዳንዱ ድንጉጥ ውሻ እስከ መጨረሻው የሰው እጅ ሳይወድ፣ ግን ሳይሠቃይ ሊኖር ይችላል፤ ይህም ቢሆን አደራው ተፈጽሟል።

የማይሆንበትም ጊዜ አለ። ነባሩ ውሻ ሳምንታት አልፈው ምግብ ከቀነሰ፣ ከተደበቀ ወይም ጠብ ከተደጋገመ፣ አሳዳጊው እንግዳውን ወደ መንገድ ሳይመልስ ሌላ ውሻ የሌለበት ቤት እንዲፈለግለት ለመጠለያው ማሳወቅ አለበት። ይህን ማድረግ አደራ መብላት አይደለም። አደራ መብላት ማለት አንዱ ውሻ እየተሰቃየ ደግ ለመባል ብቻ ሁለቱን አብሮ ማቆየት ነው።